«ትኩስ» ዓሣ

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። በሩ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በትልቁ፣ «ፍሬሽ» ፊሽ ይላል። ፍሬሽ የምትለዋ ብቻ በትእምርተ ጥቅስ ታቅፋለች። መቼም ታውቋቸዋላችሁ እነዚህን ታፔላዎች። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት።

እንግሊዝኛ ላይ አንዲትን ቃል ለብቻዋ በጥቅስ ማጠር «ይባላል እንጂ እኔ የለሁበትም» እንደ ማለት ነው። ባለቤቱ ለማድመቅ ብሎ ሳያውቀው ንስሐ ገባ። ጎጃም አይደል? ሰሙ ትኩስ ዓሣ፣ ወርቁ የሐሙስ ዓሣ። ዋሸራ ድረስ ወርዶ ቅኔ መቁጠር ለምኔ!

ሜኑውን ስገልጥማ ቅኔው ጎረፈ። «ሆት» ሻይ። «ናቹራል» ጁስ። «ክሊን» ሽንት ቤት፤ ይቺን ሄጄ አረጋግጫለሁ፣ ጥቅሱ ልክ ነው። «ፋስት» ሰርቪስ፤ እሷን ለማረጋገጥ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። የፈራሁት «ቢፍ» በርገርን ነው። ትኩሱ ሲጠቀስ የቆየ ከሆነ፣ ሙቁ ሲጠቀስ የቀዘቀዘ ከሆነ፣ የበሬው ሥጋ ሲጠቀስ የምን ሊሆን ነው? አላዘዝኩም።

አፖስትሮፊም፣ ያቺ ለብዙ ቁጥር የማታስፈልግ ተንጠልጣይ ኮማ፣ በሽ ነው። ባናና’ስ፣ ኤግ’ስ፣ ሩም’ስ። ከአንድ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ እንደ ክትባት አንድ አንድ ተወግቷል። አሜሪካኖች ያሳዝኑኛል። ሜን ግዛት ውስጥ የወተት ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሕጉ ላይ አንዲት ኮማ ጎድላ አሠሪያቸውን ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያው 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ለአንዲት ኮማ! እኛን ቢጠይቁን በኩንታል እንልክላቸው ነበር።

ታፔላ ጸሐፊውን ትቼዋለሁ፣ እንጀራው ነው። የእህቴ ልጅ ግን፣ እናቷ ከጉሮሮዋ ነጥቃ በምትከፍልበት ትምህርት ቤት፣ ፈተና ላይ ቡክስን ያለ ምልክት፣ በትክክል ጻፈች። መምህሩ በቀይ አፖስትሮፊ ጨምሮ ነጥብ ቀነሰባት። ይሄ አያስቅም። እዚሁ አገር የቆሎ ተማሪ በግዕዝ ንባብ ተነሹን ከወዳቂው ካልለየ የኔታ አያሳልፉትም። ብር ተቀብሎ ልጅ የምታውቀውን ማስረሳት ሌብነት ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ለሽሙጥማ የራሳችን ምልክት ነበረችን። ትእምርተ ስላቅ ትባላለች፣ የተገለበጠች ቃለ አጋኖ ናት። ማን አስታውሷት።

ሒሳቡ መጣ። ግርጌው ላይ «ታንክ» ዩ ይላል። አስተናጋጁ «ዓሣው እንዴት ነበር ጋሼ?» አለኝ።

«ግሩም ነው። ነገም እመጣለሁ¡»