ቆይ፣ አልጨረስኩትም

«ቆይ፣ አልጨረስኩትም!»

እንዲህ ያሉኝ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቅ አባት ናቸው። መጽሐፉ የኔ። የተገዛበት ገንዘብ የኔ። ገጽ ለመግለጥ ግን ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ።

የማነበው ኮሚክ ነው። በሥዕል የሚተረክ፣ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ እንደ ፊኛ የሚወጣ። ስታር ትሬክ ይባላል። በፈረንጆቹ 1966 አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የጀመረ፣ በጠፈር መርከብ ከኮከብ ኮከብ የሚዞሩ ሰዎች ታሪክ ነው። በዓመቱ ደግሞ ኮሚክ ተሠራለት። ስለዚሁ ኮሚክ ረጋ ያለ ሒስ ልጽፍ ነበር ያሰብኩት። መራዊን ሳናልፍ ሐሳቤ ተበተነ።

ሰውየው እንግሊዝኛ አያነቡም። ይህ ግን አላገዳቸውም። አንገታቸውን አስግገው ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ባለ ጆሮው ሰይጣን ነው?»

«አይደለም አባቴ። ስፖክ ይባላል። ከሌላ ዓለም የመጣ ነው።»

«ሰይጣንስ ከዚሁ ነው እንዴ የመጣው?»

ምን ይመለሳል? ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም። ተከታታዩን ያሳየው የአሜሪካ ጣቢያ ራሱ ሰዉ ሰይጣን መሰለን እንዳይል ሰግቶ፣ በማስተዋወቂያው ጽሑፍ ላይ የስፖክን ሹል ጆሮ ቀብቶ አድበልብሎት ነበር።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ውሰዱኝ ብዬ ባለቀስኩ ቁጥር እናቴ በሱ ነበር አፌን የምትዘጋው። ያላዩትን መሳል ግን ይቻላል። ይህን ኮሚክ ከሳሉት አንዱ አልቤርቶ ጆሊቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ሮም ተቀምጦ ነው የሳለው። ተከታታዩን አላየውም። እጁ የገባው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በኮሚኩ ውስጥ መርከቧ ከኋላዋ እሳት ታንቦለቡላለች። የአባይ በረሃን አቀበት የተያያዘ አሮጌ የጭነት መኪና ነው የምትመስለው። በቴሌቪዥኑ እንዲህ ያለ እሳት የለም። ተከታታዩን የሚያውቁት በዚህ ሲስቁ ኖረዋል።

እኔ አልስቅም። ምክንያት አለኝ። 5ኛ ክፍል ሳለን የሥዕል መምህራችን «መርከብ ሳሉ» አለን። መርከብ አይቼ አላውቅም። ያየሁት የጣና ታንኳ ነው። ስለዚህ ትልቅ የደንገል ታንኳ ሳልኩና መሐሉ ላይ ጭስ ማውጫ አቆምኩበት። ከ10 3 ሰጠኝ። «ይሄ ታንኳ ነው፤ ደንገል ላይ ደግሞ እሳት አይነድም» ብሎ ለክፍሉ ሁሉ አሳየው። እሺ፣ ደንገል ይቃጠላል። ግን እሱስ ባሕር የት አይቶ ነው? ከጎጃም ወጥቶ አያውቅም እኮ! ሦስቷ ነጥብ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ጆሊቲ የኔ መምህር ቢደርሰው ኖሮ ያችን እሳት አይስላትም ነበር፤ እኔ ደግሞ ከኮሚኩ ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። እውነቱን ለመናገር አናደዱኝ። የሰው ስልክና መጽሐፍ ላይ አንገት ማስገግ ምን የሚሉት አመል ነው? አንድ ጊዜ ከእጮኛዬ ጋር በስልክ ጽሑፍ ስንነታረክ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ብራዘር፣ ይቅርታ በላት፤ አንተ ነህ ያጠፋኸው» ብሎኛል። የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው።

አዲስ ቅዳምን አልፈን እንጅባራ ልንደርስ ስንል የመጀመሪያው ታሪክ ማብቂያ ላይ ደረስን። አዎ፣ «ደረስን»። ኬ ጂ በምትባል ፕላኔት ላይ ዛፎቹ ሰው ይበላሉ። እነ ካፒቴን ኪርክ እንደ ምንም ያመልጣሉ። ከዚያ መርከቧ ከላይ ሆና በጨረር የፕላኔቷን ዕፅዋት በሙሉ ታጠፋለች። በቴሌቪዥኑ እነዚሁ ሰዎች የሌላውን ዓለም ኑሮ እንዳይነኩ ሕግ አለባቸው። በኮሚኩ አንዲት ቅጠል አልተረፈችም። ይህን በሒሴ ውስጥ በከባድ ቃላት ላብጠለጥለው አስቤ ነበር።

ሰውየው ሥዕሉን አዩ። በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ነው፤ ተተክሎ በአራት በአምስት ዓመቱ ለከሰል የሚቆረጠው። መንገዱ ዳር በማዳበሪያ የተሞላ ከሰል ተደርድሯል።

«ይሄን ሁሉ እንጨት ዝም ብለው አቃጠሉት?»

«አዎ አባቴ።»

«አፈር እንኳ ሳያለብሱት?»

«ሳያለብሱት።»

«ከሰል ቢያወጡት ምናለ! ብኩኖች!»

ከዚህ የተሻለ ሒስ አልመጣልኝም። ደብተሬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቡሬ ላይ ወረዱ። «በል ልጄ፣ መልካም መንገድ» አሉኝና ሄዱ። ሁለተኛውን ታሪክ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ስደርስ ጨርሰው እንደሆነ ለማየት ወደ ጎኔ ዞር አልኩ። ረዳቱ በቦታቸው አንድ ጆንያ ድንች እየጎተተ ነው።

«እግርህን ሰብሰብ አድርግልኝማ!»