ሊኑክስ ጭናችሁ ሽጡልን

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ፣ የደህንነት ማሻሻያውን ጨምሮ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) በታች ያለውን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ብዙዎቻችን አቅማችን ፈቅዶ የምንገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ጀነሬሽን ነው። ሻጩ ግን ዛሬም ክራክ (ያለ ፈቃድ የሚሠራ) ዊንዶውስ ጭኖ ያስረክበናል። ይሄ ነገር ቆሞ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭነው ይሽጡልን ባይ ነኝ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ ሰፈር ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ባትሪው ነው። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅማ! ቀጥሎ "ቢበላሽ ዕቃው ይገኛል ወይ?" ይላል። ለጥገና መሃል ከተማ መመላለስ ገንዘብም ቀንም ይበላል።

ቲንክፓድ ቲ470 የተባለውን የሌኖቮ ላፕቶፕ የምወደው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ማሽን ነው። ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ። ገልብጠው መቆለፊያውን ሲገፉት የኋለኛው ይወልቃል። የውስጡ ቻርጅ ካለው ማሽኑ ሳይጠፋ ሌላ ባትሪ ይገባል። ራም መጨመርም ይቻላል። ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ቲ470 ላይ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከተጫነ የደህንነት ማሻሻያው በነፃ ይቀጥላል።

መጫኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ ገዢ የተፈተሸ ዕቃ ይፈልጋል። ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሽ ስለሚነሳ እዚያው ሱቅ ውስጥ መሞከር ይቻላል። ዋይፋዩን ያገናኙ። አንዳንድ የብሮድኮም የዋይፋይ ካርዶች ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ካልወረደላቸው አይሠሩም፤ ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ይህ ቤት ከተገባ በኋላ ሲገጥም ያናድዳል። ክዳኑን ዘግተው ይክፈቱት፤ ካልነቃ ይተዉት። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ያህል ይይዝ እንደነበርና አሁን ምን ያህል እንደሚይዝም ሲስተሙ ራሱ ያሳያል። ሻጩ "ባትሪው አዲስ ነው" ቢል እንኳ ቁጥሩን ይመልከቱ።



ፒችትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ አካውንታንት ወደ ሊኑክስ ይግባ አልልም። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ፋይል የሞላበት ቢሮም እንዲሁ። አማርኛ መጻፍ ግን ሰበብ አይሆንም። አይባስ እና ኤም17ኤን የሚባሉት የሊኑክስ መጻፊያ ፕሮግራሞች ከተጫኑ ድምፁን በላቲን ቁልፎች ሲጽፉ የአማርኛ ፊደሉ ይወጣል። ይህን ፈልጎ ማግኘት ለገዢው መተዉ ነው ስህተቱ።

ውጭ አገር ሲስተም76 እና ተክሲዶን የመሰሉ ድርጅቶች ሊኑክስ ጭነው ነው የሚሸጡት። እዚህ ይህን ማድረግ የሚችለው ያገለገለ ላፕቶፕ ነጋዴው ነው። ዋይፋዩን ፈትሾ፣ የአማርኛ ኪቦርዱን አስተካክሎ፣ የባትሪውን ትክክለኛ አቅም ወረቀት ላይ ጽፎ ይሽጥልን። እንዲህ ለተዘጋጀ ማሽን ጨምሬ እከፍላለሁ፤ ልጆቻቸውን ኮድ የሚያስተምሩ ጎረቤቶቼም ይከፍላሉ።