«ውሸት እኮ ነው» ለምትሉኝ ሁሉ

ኧረ በአላህ ተዉኝ! ደሴ ውስጥ ሬስሊንግ በሰላም ማየት የማይቻለው ለምንድን ነው? ፒያሳ ቁጭ ብሎ ዳኛ ሲሰድብ ያመሸ ሰው ሁሉ፣ ኳሱ አልቆ እኔ ሬስሊንግ ሳስከፍት ሊቅ ይሆናል። አንዱ ሻዩን ይዞ ይመጣና ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው» ይለኛል። ሚስጥር እንደሚያወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ!

አቦ እናውቃለን! የሬስሊንጉ ድርጅት ባለቤቶች ራሳቸው በፈረንጆቹ 1989 አሜሪካ ውስጥ ለኒው ጀርሲ ምክር ቤት «የኛ ነገር መዝናኛ ነው» ብለው ተናግረዋል፤ እንደ ስፖርት ቁጥጥር እንዳይደረግባቸው። ወሬው ደሴ የገባው ዘንድሮ ነው እንዴ?

አሸናፊው ቀድሞ ይታወቃል፣ እሺ። አወዳደቁስ? ሪንጉ እኮ ብረት ነው፤ በላዩ ጣውላ፣ ከዚያ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሸራ። ሱፕሌክስ ሲሠራ ልብ ብላችሁ እዩ። አንሺው የሰውዬውን አንገት ብብቱ ሥር ቆልፎ፣ ቁምጣውን ወገቡ ላይ ጨብጦ ሽቅብ ያነሳዋል፤ ተነሺውም አብሮ ካልዘለለ አይሆንም። አየር ላይ እያለ አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል። ሲወርድ ትንፋሹን እያስወጣ በላይኛው ጀርባው ጠፍጠፍ ብሎ ያርፋል፣ በእጆቹም ሸራውን ይመታል። አገጩን ካልሰበሰበ ማጅራቱ ነው የሚቀድመው።

በፈረንጆቹ 1997 ሰመርስላም በሚባለው ትልቅ የሬስሊንግ ዝግጅት ላይ ኦወን ሃርት ተጋጣሚውን ስቲቭ ኦስቲንን ዘቅዝቆ ይዞ ቁጭ አለ። የኦስቲን ጭንቅላት ከሃርት ጭን በታች ወጥቶ ስለነበር አናቱ ሸራው ላይ አረፈ፤ ለጊዜው እጅ እግሩ አልታዘዝ አለው። ድርሰቱ ግን «ኦስቲን ያሸንፋል» ይላል። እንደምንም እየዳኸ ሄዶ ሃርትን ጠቀለለውና አሸነፈ። ማሸነፉ ተጽፎ ነበር፤ የአንገቱን ጉዳት ማን ጻፈው?

ብሮክ ሌስናርስ? በፈረንጆቹ 2003 ሬስልማንያ በሚባለው ዝግጅት ላይ ያን የሚያህል ሰውዬ ከሪንጉ ማዕዘን አናት ተገልብጦ ሲዘል ዙሩ ሳይሞላለት በጭንቅላቱ ተተከለ። እስቲ ይሄኛውን ውሸት በሉኝ።

ደግሞ የሚገርመኝ፣ ይሄው «ውሸት ነው» ባይ ሰውዬ ልጁ ታናሹን ፍራሽ ላይ ሊዘቀዝቀው ሲል «አንገቱን ልትሰብረው ነው!» ብሎ ሰፈር ያናውጣል። ወላሂ መጮሁስ ልክ ነው፤ ልጆች ፈጽሞ አይሞክሩት። ግን ውሸት ከሆነ ምን አስጮኸህ?

አክስቴ በስንት ጣዕሟ! አንዱ ሲወድቅ «ያ ረቢ፣ ኧረ ገላግሏቸው!» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። እሷ ቤት ሄጄ እንዳላይ፣ ማታ ማታ ቲቪው በቱርክ ድራማ ተይዟል። እዚያ ደግሞ ሙሽራው ሞተ ተብሎ ቤቱ ሙሉ ሲያለቅስ፣ አንድም ሰው «ውሸት እኮ ነው» ብሎ አያውቅም።