ራጁ ለምን ተበላሸ? መልሱን ተማሪው ይስጥ

የጥርስ ራጅ ማንሳት ከሩቅ ሲያዩት ቁልፍ መጫን ብቻ ይመስላል። የጥርስ ንጽህና ሙያ የሚማር ሰው ግን ጭንቁ ከቁልፉ በፊት እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል።

የላይኛውን የኋላ መንጋጋ ጥርስ እንውሰድ። ምስሉን ለመቀበል አፍ ውስጥ የሚገባው ዲጂታል ሴንሰር እንደ ድሮው ፊልም እሺ ብሎ አይጎብጥም። ወፍራም ነው፣ ብዙውን ጊዜ ገመድም አለው። ላንቃ ሲነካ ታካሚውን ወደ ላይ ይለዋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ተማሪው ይደነግጥና ሴንሰሩን ጥርሱ ላይ ልጥፍ ያደርገዋል። ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ላንቃ ከፍ የሚለው መሐሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከጥርሱ ራቅ ሲል ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ ማንበብና ሊያስመልሰው በደረሰ ሰው አፍ ውስጥ ማድረግ ለየቅል ናቸው። መለማመጃው ማኒኪን (የሰው ራስ አምሳያ) ምራቅ የለው፣ ምላሱ አይገፋ፣ "በቃኝ" አይል!

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ምስሉ ተበላሽቶ ከወጣ በኋላ ያለው ነው። ድሮ ፊልሙ እስኪታጠብ ይጠበቅ ነበር፤ መድገም ያታክታል። አሁን ምስሉ በሰከንዶች ስክሪን ላይ ብቅ ሲል "አንዴ ልድገመው" ማለት ቀለለ። የአንድ ጥርስ ራጅ ጨረር ትንሽ ነው፣ እውነት ነው። ቢሆንም ያለምክንያት የሚጨመረውን የሚቀበለው ታካሚው ነው። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ እ.ኤ.አ. በ1896 የጥርስ ራጅ ማንሳት ከጀመሩት አንዱ ነበር፤ ጨረሩ እጁን እስከማስቆረጥ አድርሶታል። የዛሬው ማሽን እንደዚያ አይደለም፣ ጥንቃቄው ግን ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው፦ ተማሪውን በተነሳው ራጅ ብዛት መመዘን ይቅርና፣ ከመድገሙ በፊት ራጁ ለምን እንደተበላሸ አንድ መስመር ይጻፍ። ጥርሱ አጥሮ ወጣ? ጨረሩ ከመጠን በላይ አዘንብሏል። ረዘመ? ማዘንበሉ አንሷል። ጥርሶቹ ተደራረቡ? የጎን አቅጣጫው ተዛንፏል፣ በመሐላቸው ያለ መበስበስም እዚያው ተደብቆ ይቀራል። አንዱ ጥግ ባዶ ሆነ? ጨረሩ የሚወጣበት ቱቦ ሴንሰሩን በሙሉ አልሸፈነም። መልሱ ከጠፋው ድጋሚውን መምህሩ ያንሳው፣ ተማሪው አጠገቡ ቆሞ ይይ።

"ክሊኒኩ ወረፋ ነው፣ ማን ጊዜ አለው?" የሚል አይጠፋም። በግምት ሁለቴ ሦስቴ መድገም ነው እንጂ ጊዜ የሚበላው፣ አንድ መስመር መጻፍማ ምን አላት?

ደግሞ ጉድለት ያለበት ራጅ ሁሉ አይደገምም። የተፈለገው የሥሩ ጫፍ በደንብ ከታየ፣ ወይም የጎደለው ጎን ቀጥሎ በተነሳው ምስል ላይ ካለ፣ ያው በቂ ነው። ይህን አይቶ "አይደገምም" ያለና ምክንያቱን የተናገረ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው።