በእድራችን መዝገብ ላይ አንድ ገጽ ይጨመርልን

ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ከተማችን ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። ሌሊቱን ውርጭ ያድራል። ሣሩ ይነጣል፣ ደጅ ያደረ ሳንቃ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። የግንባታ ወቅትም ይኸው ደረቁ ወቅት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግንበኛው ያንን ሳንቃ ረግጦ ይወጣል።

ጎረቤቴ የወደቀው እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። 20 ዓመት ያህል ግንብ ሠርቷል። መወጣጫው የባሕር ዛፍ አጠና በምስማርና በሽቦ ተያይዞ የተሠራ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብሎኬት ሊቀበል ጎንበስ ሲል እግሩ አዳለጠው። ዳር ላይ የሚይዘው አግዳሚ አልነበረም። ወገቡ ላይ የሚታሰር ቀበቶም ሳይቱ ውስጥ አልነበረም። ያተረፈው ከታች የተከመረ አሸዋ ነው። ቀኝ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል፣ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ቱንቢ ጥሎ ግድግዳ ሲያቀና የነበረው እጅ አሁን ብርጭቆ አይዝም። የጫማውን ክር የምታስርለት ባለቤቱ ነች። ስታስርለት ሁልጊዜ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

ሊጠይቀው የሄደ ሰው ሁሉ የሚለው ተመሳሳይ ነው። «እግዜር ይማርህ፣ ቀኑ ነው። ነፍስህ ተርፋለች፣ ተመስገን በል።» እኔም ብያለሁ። በፍቅር ነው የምንለው፣ ሰው ያጽናናል። ግን እያደር ሳስበው «ቀኑ ነው» የሚለው ቃል ጥያቄውንም አብሮ ይዘጋዋል። አግዳሚው ለምን አልተሠራም? ፎርማኑ ውርጩ እስኪቀልጥ አንድ ሰዓት ለምን አላስጠበቀም? ቀኑ ከሆነ የሚጠየቅ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ሌላ ልጅ በዚያው ሳንቃ ላይ ቆሞ ብሎኬት ሲቀበል በዓይኔ አይቻለሁ።

ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሥራ ይዘጋል። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው፤ እሱማ ለሸዋ ሰው የቤት ጉዳይ ነው። ሚያዝያ 20ን ግን ስንቶቻችን እናውቃታለን? በዓለም ዙሪያ ያሉ የሠራተኛ ማኅበራት በዚያች ቀን ሥራ ላይ የሞቱና የተጎዱ ባልደረቦቻቸውን ያስባሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤንነት ቀን አድርጎ ያከብራታል። ድርጅቱ እንደሚገምተው በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በሥራው ምክንያት ይሞታል። አብዛኛው ደግሞ ወድቆ ወይም ማሽን ይዞት አይደለም። በሥራ ምክንያት በሚመጣ በሽታ ነው። የሲሚንቶና የጥጥ ብናኝ ሲስብ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ በሳል የሚያልቀውን ሰው ማለቴ ነው። የእሱን ሞትማ ከሥራው ጋር የሚያያይዘውም የለም።

እኛ ሰው ማሰብ አናጣም። ሙት ዓመት እናወጣለን፣ ሰባት ቤት ቆጥረን የአባቶቻችንን ስም እንጠራለን። ሲሠራ የተጎዳው ሰው ስም ግን ቶሎ ይጠፋብናል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጣርማበር ላይ በዋሻው ውስጥ እናልፋለን። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ነው። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው «የሙሶሎኒ ዋሻ» ይለዋል። ሙሶሎኒ እዚያ ተራራ ላይ አንድ ዶማ አላነሳም። ድንጋዩን የፈለጡትን ሰዎች ግን አንዳቸውንም በስም አንጠራቸውም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ይከነክነኛል።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. አረርቲ ላይ የሆነውንስ ማን ይረሳል? በምንጃር ሸንኮራ፣ በማርያም ዕለት፣ በግንባታ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መወጣጫው ተደረመሰ። ከ30 በላይ ሰው አለቀ። የሞቱት ለበዓል የመጡ ምእመናን ናቸው። ዞኑ በሙሉ ሐዘን ተቀመጠ፣ እኛም አልቅሰናል። ያን ጊዜ ስለ መወጣጫ አሠራር በየቤቱ ተወራ። ስንት ሰው ይችላል? ማን ፈተሸው? ወሬው ከሐዘኑ ጋር አብሮ በረደ። እኔን የሚያሳስበኝ በየሳይቱ ያለው መወጣጫ ነው። በእንጨትና በምስማር የሚሠራው ብዙ ነው፣ ግንበኛ በየቀኑ ይወጣበታል። አንድ ሰው ወድቆ ሲሞት ግን ዜና አይሆንም።

ግንባታ ብቻም አይደለም። ምንጃር ላይ በጤፍ መውቂያ ማሽን እጁን ያጣ ሰው፣ መንዝ ጊሼ ኦፓል ፍለጋ ያለ ድጋፍ እንጨት ጉድጓድ የሚገባ ወጣት፣ ወፍጮ ቤት ነጠላዋን ቺንጋ የጎተተው እናት አሉ። የወፍጮው ቺንጋ በቆርቆሮ ቢሸፈን ምን ያህል ያስወጣል? አንድ ቀን የማይሞላ የብየዳ ሥራ ነው።

ሕጉ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የተጎዳው ሠራተኛ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ያገኛል። «እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ውል የለኝም» የሚሉ ወንድሞች ይህንን ይስሙ፦ ውሉ በጽሑፍ ባለመደረጉ ብቻ መብታችሁ አይጠፋም።

ጎረቤቴ ይህን አያውቅም ነበር። አሠሪው የሕክምናውን ከፊል ከፈለ፣ አንድ ሁለቴ ፍራፍሬ ይዞ መጣ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። አደጋው የትም አልተመዘገበም። ያልተመዘገበ አደጋ ደግሞ ተቆጣጣሪም ዘንድ፣ ፍርድ ቤትም ዘንድ እንዳልደረሰ ነው። ስንቶች ወደቁ፣ ከየትኛው ሳይት፣ በምን ምክንያት ብሎ ለሚጠይቅ የሚገለጥ ወረቀት የለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። መንግሥት መሥሪያ ቤቱ የራሱን ድርሻ ይሥራ፣ እሱን እንጠይቃለን። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለ መዝገብ አለ፤ የእድር መዝገብ። በዚህ አገር ከእድር በላይ ሰው በጥንቃቄ የሚቆጥር የለም። ማን ሞተ፣ ማን ቀረ፣ ማን ድንኳን ተከለ፣ ማን ወርኃዊ መዋጮ አለበት፤ ጸሐፊው ሁሉንም ያውቃል። እዚያ ላይ አንድ ገጽ ይጨመርልን። ሥራ ላይ የሞተም፣ አካሉ የጎደለም ይጻፍበት። ስሙ፣ ሙያው፣ ቀኑ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ምን ቢደረግ ይተርፍ እንደነበር። ይህ የመጨረሻው ነው ዋናው። «ወደቀ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ «ቀኑ ነው» ከማለት አይለይም። «አግዳሚ አልነበረም» ተብሎ ይጻፍ። ሚያዝያ 20 ሲደርስ የእድሩ ዳኛ ስሞቹን ያንብብ። ያ ገጽ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትም ይድረስ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሳነሳ «ከአሠሪ ጋር ያጣላናል፣ ልጆቻችን ሥራ ያጣሉ» ይለኛል። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ሥራ ብርቅ ነው። ግን መዝገቡ ማንንም አይከስም። የሆነውን ብቻ ይናገራል። ጥሩ አሠሪ ደግሞ ያንን ገጽ አይፈራውም፤ ሠራተኛው በሰላም ቤቱ እንዲገባ እሱም ይፈልጋል።

የእኛ እድር የሚሰበሰበው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። ሐሳቡን አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ስም የጎረቤቴ እንዲሆን ጠይቄው ፈቅዷል። ትናንት ማታ ቤቱ ሄጄ እኔ ልጻፍልህ ስለው እምቢ አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ በማይታጠፈው ቀኝ እጁ ተጭኖ ያዘው። በግራው ስሙን ጻፈ፣ ቀጥሎ «ግንበኛ»፣ ቀጥሎ ቀኑን። መጨረሻው መስመር ላይ ቆም ብሎ አሰበና «ሳንቃው ውርጭ ነበረው፣ አግዳሚ የለም» ብሎ ጻፈ። ፊደሎቹ ጠማማ ናቸው፣ ግን ይነበባሉ።