ጥፋቱ የኢርፎኑ ነው የጣታችን?

ርካሽ ኢርፎን ጆሮ ይጎዳል? ወይስ የሚጎዳን ቮልዩሙ ብቻ ነው? ባሕር ዳር ሞባይል የሚጠግን ወጣትና ደብረ ማርቆስ የምታስተምር መምህርት በጽሑፍ ተከራክረዋል።

ጠጋኙ፦ እኔ የማየውን ልናገር። ባለፈው አንድ ልጅ «ግራው አይሰማም» ብሎ ኢርፎን አመጣልኝ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ወንፊቷ በኩክ ድፍን ብላለች። ቀኙ ደህና ነው። ልጁ ግራውን ለመስማት ሲል ቮልዩሙን ጥግ አድርሶ ከርሟል። የግራውን ዕዳ ቀኝ ጆሮው ከፈለ። ዕቃ ሲበላሽ ጆሮ ይጎዳል የምለው ለዚህ ነው።

መምህርቷ፦ ወንድማለም፣ ኩክ እኮ ኦሪጅናል ፎርጅድ አይልም። የሺህ ብሩንም ይደፍነዋል። ያ የጽዳት ጉዳይ ነው።

ጠጋኙ፦ እሺ መምህርት፣ ኩኩን ይተውት። ርካሹ ጆሮ ላይ በደንብ አይገጥምም። ሲላላ ቤዙ ይጠፋል፣ የባጃጁ ጩኸት ደግሞ ይገባል። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ይጨምራል። በደንብ የሚገጥም ቢሆን ኖሮ በግማሽ ቮልዩም ይሰማ ነበር።

መምህርቷ፦ «ይጨምራል» አልክ። እኔም የምለው እሱኑ ነው። የሚጨምረው ጣት ነው። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ 15 ሺህ ግድም ፀጉር መሰል ህዋሳት አሉ። እነሱ የዕቃውን ዋጋ አያውቁም። የሚያውቁት ድምፁ ምን ያህል እንደበረታና ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው። አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል። ለልጅ ደግሞ 75 ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመርክ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ በባስ አምስት ሰዓት ግድም ነው አይደል? መንገዱን ሙሉ በ89 ከሰማህ የሳምንቱን ድርሻህን አንድ ቀን ላይ በላኸው ማለት ነው።

ጠጋኙ፦ ባሱን ማን አነሳው! እዚያ ውስጥ ሾፌሩ ዘፈኑን ለቆታል፣ ሞተሩ ይጮኻል። በርካሽ ኢርፎን ለመስማት ከዚያ ሁሉ በላይ መጮህ አለበት። የውጭ ድምፅ የሚያጠፋ ሄድፎን ያደረገ ግን ዝቅ አድርጎ ይሰማል።

መምህርቷ፦ ይህን እቀበላለሁ። ባስ ውስጥ እውነት ነው። ግን የራሴን ልንገርህ። አምና ወንድሜ ጥሩ የሚባል ሄድፎን ሰጠኝ። ርካሹ ሲበዛበት ድምፁ ይሻክራል፤ ሰውም ደስ ስለማይለው ይቀንሳል። ይኼኛው ግን ምንም ቢጨምሩበት ጥርት እንዳለ ነው። ጥራቱ አታለለኝ። ዓባይ በረሃን ወርጄ ወጣሁ፣ አዲስ አበባ ስገባ ጆሮዬ ጭው አለ። ሌሊቱን ሙሉ ጭው ሲል አደረ።

ጠጋኙ፦ እሱስ ልክ ነው። ግማሽ ላይ ያደረጉት ቮልዩም እንኳ በሁለት ኢርፎን እኩል አይጮኽም። አንዱ ሹክ ሲል ሌላው ያንባርቃል።

መምህርቷ፦ ስለዚህ ዕቃ ስትቀይር ቮልዩሙን ከታች ጀምር ማለት ነው፤ ውድ ግዛ ማለት አይደለም። ይልቅ ያን ልጅ ኢርፎኑን ካጸዳህለት በኋላ «አሁን ቀንሰህ ስማ» ብለኸዋል?

ጠጋኙ፦ ...አላልኩትም። ሒሳቤን ተቀብዬ ሸኘሁት።