ክርክር፦ የጌም ኮምፒውተር ለድሬ ልጅ፤ ገጣጥሞ ወይስ ገዝቶ?

መከራከሪያው ይህ ነው። የቋጠራት ገንዘብ ትንሽ የሆነችበት፣ ግን ጂቲኤ 5ን፣ ኢፉትቦልንና ካውንተር ስትራይክ 2ን ሳይንቀራፈፉ መጫወት የሚፈልግ የድሬዳዋ ወጣት ዕቃውን እየለቀመ ራሱ ይገጣጥም ወይስ ያለቀለትን ይግዛ? ተከራካሪዎቹን በሰፈራቸው እንጠራቸዋለን። ከዚራ መገጣጠም ይሻላል ይላል፣ ሳቢያን ደግሞ መግዛት። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንቱታ በድሬ ወግ ቀርቷል።

ከዚራ፦

«ጌሚንግ» ተብሎ የተደረደረውን ኮምፒውተር ስታይ መጀመሪያ ዓይንህን የሚይዘው የፋኑ ቀይና ሰማያዊ መብራት ነው። ሻጩ የሚነግርህም ሦስት ነገር ነው፤ ኮር አይ 7 (ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አእምሮ)፣ 16 ጊጋ ራም (የሥራ ሚሞሪ)፣ ግራፊክስ አለው። የስንተኛ ትውልድ አይ 7? እሷን ይዘላታል። በ2012 የወጣው አይ 7-3770 እና በ2022 የወጣው አይ 3-12100 ሁለቱም ባለ 4 ኮርና ባለ 8 ትሬድ ናቸው፣ ማለትም በቁጥር እኩል ሠራተኛ አላቸው፤ ጌም ላይ ግን «ትንሹ» ትልቁን ጥሎት ይሄዳል። ነጋዴው ትርፉን የሚያወጣው ገዢ ከማይጠይቅበት ቦታ ነው። ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ሳጥን) ስም የለሽ ይሆናል፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) የመጨረሻ ርካሹ፣ ራሙም በሁለት ፋንታ አንድ ፍሬ።

የምመክረው ይህን ነው። ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር፣ ደህና ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ባለ 8 ጊጋ ራም ሁለት ፍሬ፣ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ)፣ ስም ያለው ፓወር ሰፕላይ። ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው፣ ለብቻው የሚሰካው) ለጊዜው ይቅር። ፕሮሰሰሩ በውስጡ የያዘው ግራፊክስ ጂቲኤ 5ን በመጠነኛ ጥራት ያጫውታል። ራሙ ሁለት ፍሬ ይሁን የምለው ለጌጥ አይደለም፤ ይህ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው የሚበላው ከዋናው ራም ነው፣ ባንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ መንገዱ በግማሽ ይጠባል። ካርዱ ገንዘብ ሲገኝ ይገባል። ደሞዙም የኪስ ገንዘቡም ቆራርጦ ለሚመጣ ልጅ ከዚህ የሚስማማ መንገድ አላውቅም።

ሳቢያን፦

ስለ መብራቱ አልከራከርህም፤ እኔም በመብራት የሚሸጥ ዕቃ አልወድም። ግን አቦ፣ ዝርዝርህ የተጻፈው ዱባይ ተቀምጦ ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ግባና ቢ550 ማዘርቦርድ ስጡኝ በል። ስልክ፣ ቻርጀር፣ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ እንደ ልብ ነው፤ አንተ የምትለው ግን በትእዛዝ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጭኖ። ራሙን አንዱ ይልካል፣ ቦርዱን ሌላው፣ ፕሮሰሰሩን ከዱባይ የመጣ ዘመድ። ተገጣጥሞ ሲያበቃ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢቀርስ? የራሙ ሻጭ በቦርዱ ያሳብባል፣ የቦርዱ ሻጭ በልጁ። ጀማሪ ልጅ ደግሞ ቀይሮ የሚሞክርበት ትርፍ ራም ቤቱ የለውም።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ቢ550 ጠፍቶበት ርካሽ ስላገኘ ቢ450 ቢገዛ፣ ባዮሱ (ቦርዱ ውስጥ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ካልታደሰ 5600ጂን አያውቀውም። አብዛኞቹን ለማደስ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠራ አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ይህን ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ማን ይነግረዋል?

እኔ የምለው፣ ከቢሮ የወጣ ዩዝድ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ግዛ፣ ታወሩን፣ ትልቁን ቋሚ ሳጥን። ፊትህ ይበራል፣ ፊትህ ይሞከራል። ላዩ ላይ ጂቲኤክስ 1650 ጨምር፤ ይህ ካርድ 75 ዋት ስለሚበላ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ዓይነቱ አለ፣ ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው ይበቃዋል። በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

ከዚራ፦

ካርድ ጨምር ካልክ እኮ ወደ እኔ ወገን መጥተሃል! ከፍተህ፣ ሰክተህ፣ ድራይቨር ጭነህ፣ ከዚያ «ገዛሁ» ትላለህ።

ግድ የለም፣ ግዢ ነው እንበል። የድሮው ኦፕቲፕሌክስ 7010 ያለው ሦስተኛ ትውልድ ኢንቴል ነው። ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 14፣ 2025 ድጋፉ ተቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ወገን ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 ከሚባለው የደኅንነት ቺፕ ጋር ይጠይቃል። ቫሎራንት የሚባለው ጌም ዊንዶውስ 11 ላይ ያለ ቲፒኤም አይከፈትም። ስለዚህ ልጁ የገዛው በሩ የተዘጋ ቤት ነው። ከ7020 ወዲህ ያሉትን እንውሰድ ብትል ፓወር ሰፕላያቸው የተለመደው ባለ 24 ፒን አይደለም፣ የራሳቸው የተለየ መሰኪያ ነው። ሲቃጠል ከየትም ሱቅ አንስተህ አትተካውም።

ካርዱስ? በጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ስም የድሮ ጂቲኤስ 450 ባዮሱ ተቀይሮ ሲሸጥ ዓለም ያወቀው ነው። ዊንዶውስ ራሱ ተሸውዶ 1050 ቲአይ ብሎ ያነበዋል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሳይከፍል በፊት ያስነብበው፤ ፎርጅዱን ለይቶ ይናገራል።

ሳቢያን፦

የጂፒዩ-ዚ ምክር ጥሩ ነው፣ ለሁለታችንም ይሠራል። ግን ፎርጅድ ካርድ የሚያስፈራው ከእኔ ይልቅ ያንተን ልጅ ነው፤ «ገንዘብ ሲገኝ» ያልከው ካርድ የሚመጣው ከዚያው ገበያ ነዋ። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩን ሲያቆም ወር ከወር ሌት ተቀን ሲቃጠሉ የከረሙ አርኤክስ 580ዎች ገበያውን ሞሉት። በዚያ ላይ «580 2048ኤስፒ» የሚባል አለ፤ ስሙ 580፣ ሥራው 570። ፎርጅድ እንኳን አይደለም፣ ካምፓኒው ራሱ ያወጣው ነው። አዲስና ርካሽ ነው ብሎ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ቢገዛ ደግሞ የከፋ ነው። ያ ካርድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በ4 መስመር ብቻ ነው፣ 5600ጂ የሚሰጠው ደግሞ የፒሲአይ 3ን፣ የቀድሞውን የመስመር ፍጥነት። ካርዱ ታንቆ ይሠራል።

የትውልዱን ነገር ተቀብያለሁ። ስምንተኛ ትውልድ ያለውን ታወር ይፈልግ፣ ጥቂት ይጨምርበት። ላፕቶፕ የሚሉም አሉ፤ ለጌም ብቻ ከሆነ አይመከርም፣ አልፈዋለሁ።

ከዚራ፦

አሁን ሁለታችንም የዘለልነውን ላንሳ፣ የድሬን ሙቀት። ፋን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም። አዲስ አበባ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 65 የሚደርስ ካርድ፣ እዚህ በግንቦት 35 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ወደ 80 ይጠጋል። 5600ጂ ጣሪያው 95 ነው፤ ወደዚያ ሲቃረብ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ልጁ ደግሞ «ኢንተርኔቱ ነው» ብሎ ይማረራል። የቢሮ ኮምፒውተር የተሠራው ኤክሴል ከፍቶ ለሚውል ሠራተኛ ነው፣ አንድ ፋን ከኋላ፣ ፊቱ ድፍን ፕላስቲክ። አንተ እዚያ ውስጥ ግራፊክስ ካርድ ትከታለህ። የእኔ ልጅ ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ መርጦ፣ ሁለት ፋን ከፊት አንድ ከኋላ ያደርጋል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በንፋስ ሲነሳ የሚገባውን አቧራም የሚይዝለት ማጣሪያ ከፊት አለ፣ አውጥቶ ያራግፈዋል።

ሳቢያን፦

በሙቀቱ አሸንፈኸኛል ልበል? ግማሹን። የታወሩን የጎን ክዳን ከፍቶ ቢጫወት ሙቀቱ ይወጣል፣ አቧራው ግን ይገባል፤ በየሁለት ሳምንቱ መንፋት ነው። ደስ የሚል ነገር አይደለም፣ ይሠራል ግን።

አንተ የዘለልከው የመብራት መቆራረጥን ነገር ነው። መብራት ሲሄድ የሚቋረጠው ጌሙ ነው፣ ሲመለስ ግን ዕቃ ይቃጠላል። ልጁ ገንዘቡን በሙሉ ፕሮሰሰርና ቦርድ ላይ ጨርሶ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት የሚያቆየውን ባትሪ) በምን ይገዛል? ሞኒተሩንስ? ዝርዝርህ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ሱቅ ሄዶ «650» የተጻፈበትን ዩፒኤስ ሲያይ 650 ዋት ይመስለዋል። ቪኤ የሚባል ሌላ መለኪያ ነው፤ በዋት ሲቆጠር አብዛኛውን ጊዜ 360 ወይም 390 ነው፣ የሚያቆየውም ጌሙን ሴቭ አድርጎ እስኪያጠፋ ነው። የእኔ ታወር ከነጂቲኤክስ 1650ው ለዚህ አይከብደውም።

ቆራርጦ ስለሚመጣው ገንዘብም ልናገር። የድሬ ሰው ዕቁብ ይጥላል፤ ዕቁብ ሲደርስ የሚመጣው ባንዴ ነው። ባንዴ የመጣን ገንዘብ በአራት ወር ለቅሞ መጨረስ፣ ያውም ብሩ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ዶላሩን እየተከተለ ሲሄድ፣ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ከ2025 መገባደጃ ወዲህ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ማዕከላት ሚሞሪውን እየተሻሙበት የራም ዋጋ በዓለም ንሯል። ዩዝዱ ታወር ራሙ ውስጡ ነው፣ ለብቻው ፍለጋ የለም።

ከዚራ፦

የራሙን ነገር ልክ ነህ፣ ዘንድሮ የሚያመው እሱ ነው። ዩዝድ ራም ይግዛ እላለሁ፤ ራም ከካርድ ይልቅ ዕድሜ አለው፣ ሜምቴስት በሚባል መፈተሻ ፕሮግራም አንድ ሌሊት አሳድሮ መፈተሽም ይቻላል። ዩፒኤሱም ከካርዱ በፊት ይምጣ፣ ይሄን ተቀበልኩ።

ግን ከሁለት ዓመት በኋላስ? የእኔ ልጅ ቦርዱን ሳይነካ 5600ጂን አውጥቶ 5700ኤክስ3ዲ የሚባለውን የተሻለ ፕሮሰሰር ሊያስገባ ይችላል፣ ዩዝድም ቢሆን ካገኘ። ያንተው ታወር ከ75 ዋት በላይ የሚበላ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ አይችልም፣ ፓወር ሰፕላዩ አይፈቅድም፣ መቀየሩም ቀላል አይደለም። ካርዱን ነቅሎ፣ ኤስኤስዲውን ነቅሎ፣ ሌላ ኮምፒውተር ፍለጋ ይወጣል። ሁለት ጊዜ መግዛት ማለት አይደለም?

ሳቢያን፦

ነው። ቀፎውን ለፎቶ ኮፒ ቤት ይሸጠዋል፣ ካርዱና ኤስኤስዲው ወደ አዲሱ ያልፋሉ፣ ያን ጊዜ ከፈለገ ይገጣጥም፣ እኔም መጥቼ ብሎን እይዝለታለሁ። እስከዚያ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጫወት ነበር። ያንተው ልጅ ቢ550ውን በካርቶኑ አቅፎ የራም ዋጋ እስኪወርድ እየጠበቀ ነው።